ኮሮላን ለማየት ትኬት ቆርጬ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኮሮላ ለማየት ትኬት ይቆርጣል፣ ባቡር ይሳፈራል፣ ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ቆሞ ይውላል ቢባል ማን ያምናል? ኮሮላ እኮ ሠርግ የሚታጀብባት፣ ታክሲ የሚሠራባት፣ ዕቁብ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስባት መኪና ናት። ስለ እሷ ሲወራ የሚነሣው መለዋወጫዋ እንደ ልብ መገኘቱ፣ ነዳጅ አለመብላቷ፣ ስትሸጥም ዋጋዋ አለመውረዱ ነው። ፍጥነቷን ያነሣ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ ግን በአንድ የግንቦት እሁድ ጠዋት ካሜራዬን አንግቤ ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ የተነሣሁት ኮሮላ ፍለጋ ነው፤ ያውም ቢኤምደብልዩን በውስጥ በኩል ሾልካ ለማለፍ የምትታገል ኮሮላ።

ውድድሩ የቱሪንግ መኪኖች ውድድር ይባላል። ፎርሙላ ዋንን በቴሌቪዥን የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ ግር ሊለው ይችላል። የሚሽቀዳደሙት ከየሰፈሩ የምናውቃቸው የቤት መኪኖች ናቸው፦ ኮሮላ፣ ሆንዳ ሲቪክ፣ ፎርድ ፎከስ፣ ሀዩንዳይ፣ ቢኤምደብልዩ። በእርግጥ የሚያመሳስላቸው ቅርጻቸው ብቻ ነው። ውስጣቸው ተራቁቷል፤ ከወንበሮቹ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ምንጣፍ የለ፣ ሬዲዮ የለ፤ በምትኩ እርስ በርሱ የተበየደ የብረት ቱቦ አሽከርካሪውን ከላይም ከጎንም ከብቦታል። ሞተሩ 2 ሊትር ባለ ቱርቦ ነው። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ማርሽ ሳጥኑን፣ ፍሬኑንና የፊትና የኋላ ሻንሲውን የመሰለው ብዙ የሥር ዕቃ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ሐሳቡ ወጪን ቆንጠጥ ማድረግ፣ ገንዘብ የተረፈውም ቡድን ብቻውን እንዳይነጉድ ማገድ ነው። ስለዚህ በመኪኖቹ መካከል ያለው ልዩነት የሰከንድ ቁራጭ ነው፤ ልዩነቱ ካነሰ ደግሞ መተሻሸቱ ይበዛል። እኔን የሚስበኝም ይኸው መተሻሸት ነው።

አብሮኝ የመጣው የጥንት ጓደኛዬ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ነበር፤ አሁንም ሙያውን ሳይለቅ ደቡብ ለንደን አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ለፎቶ ግድ የለውም። ሻንጣዬን፣ ሌንሶቼን፣ ትርፍ ባትሪዬን ሲያይ ሳቀና፣ «አንተ ወንድሜ ለማየት ነው የምትሄደው፤ እኔ ለመስማት» አለኝ። ነገሩን ያኔ እንደ ቀልድ ወሰድኩት።

ባቡሩ ስዋንሊ ላይ አወረደን። ከጣቢያው ውጭ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ታጣፊ ወንበር፣ የዝናብ ካፖርት፣ ሻይ የያዘ ቴርሞስ፣ የልጆች የጆሮ መከላከያ። እንግሊዞች ፀሐይ በወጣበት ቀንም ለዝናብ ተዘጋጅተው ነው የሚወጡት፤ እኛም ተምረናል። ታክሲ ተጋርተን ሄድን።

ውድድሩ የሚካሄድበት ብራንድስ ሃች ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ኬንት ውስጥ የሚገኝ ጎድጓዳ መሬት ነው። ጎድጓዳነቱን ልብ በሉልኝ፤ የቦታው ውበት ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው። በ1920ዎቹ የእርሻ ቦታ ሳለ ብስክሌተኞች፣ ኋላም ሞተረኞች ሣሩ ላይ ይሽቀዳደሙበት ነበር። በ1950 አስፋልት ለበሰ። አጭሩ ዙር 1.9 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቱሪንግ መኪኖቹ 50 ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሱታል። በ1960 መንገዱ ወደ ጫካው ተዘርግቶ 3.9 ኪሎ ሜትር የሚሆን ረጅም ዙር ተጨመረለት፤ ከ1964 እስከ 1986 ባለው ጊዜ የብሪታንያ ግራንድ ፕሪ 12 ጊዜ የተካሄደው በዚሁ በረጅሙ ነው። በዕለቱ የተከፈተው ግን አጭሩ ነበር። ለተመልካች አጭሩ ይሻላል። ተዳፋቱ ላይ የቆመ ሰው አንገቱን እያዞረ ዙሩን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያያል፤ እንዲህ ያለ ሜዳ ብዙ የለም።

ትኬቱ ላይ የሞተር ስፖርት አደገኛ መሆኑ ተጽፏል። አጥሩ ላይም ያው ማስጠንቀቂያ አለ። ሰው ሁሉ ሳያነበው ያልፋል። ቢሆንም ቦታው የከፈለው ዋጋ አለ፤ በ1968 እዚህ ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው ስዊዘርላንዳዊው ጆ ሲፈርት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሕይወቱ ያለፈችው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

በቀጥታ ወደ ፓዶክ ሂል ሄድን። ፓዶክ ሂል ከመነሻው ቀጥታ መንገድ ጫፍ ያለው የመጀመሪያው ኩርባ ነው። አሽከርካሪው መሪውን ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ መውጫው አይታየውም፤ መሬቱ ከፊቱ ይከዳዋል። ወዲያው ቁልቁል፣ ከቁልቁለቱ ሥር ደግሞ ወዲያው ሽቅብ፣ ድሩዊድስ ወደሚባለው ኩርባ። ቴሌቪዥን ይህን ሁሉ ሜዳ ያስመስለዋል። ለዓመታት በስክሪን ያየሁት ኩርባ እንዲህ ያለ ገደል መሆኑን ያወቅሁት አፋፉ አጠገብ ቆሜ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል። ቀጥሎ ጣሪያው ብቅ ይላል፣ ከዚያ ኮፈኑ፤ ከዚያ መኪናዋ ሁለመናዋን ይዛ ከአፋፉ ትወረወራለች። ታች ስትደርስ ሞሎዋ ሙሉ በሙሉ ይጨመቅና ሆዷ አስፋልቱን ሊልስ ይደርሳል። ይህ አንዲት መኪና ብቻዋን ስትመጣ ነው። በመነሻው ጊዜ ሃያ ምናምን መኪኖች ለዚያች አንዲት ቀጭን መስመር ተሻምተው ሲወርዱ ማየት ሌላ ነገር ነው። ከጎኔ ታጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጡ አዛውንት፣ መኪኖቹ ገና ከመነሻው ሳይንቀሳቀሱ የሻይ ኩባያቸውን መሬት አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ያዙ። ልምድ ነው።

ጉግስ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጎን ለጎን እየተላከኩ መጋለብ፣ ሳይጥሉ መግፋት፣ ሳይወድቁ መገፋት። የበሩ ቆርቆሮ ከሌላው በር ጋር ሲፋተግ ይሰማል፤ የጎን መስታወት እንደ ቅጠል ይረግፋል። ዳኞቹ ገፍቶ ያለፈን ሰው ቦታ ይቀማሉ፣ ነጥብም ያስቀራሉ፤ ግን በ«ገፋው» እና በ«ነካው» መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ የሚያከራክር ነው። ሕዝቡ የሚመጣውም ለዚያ ክርክር ይመስለኛል።

ስለ ፎቶው ልናገር። ካሜራ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ሜዳ የሚገባ ሰው የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ መኪናው ፈጣን ስለሆነ የሻተሩንም ፍጥነት ይሰቅለዋል። 1/2000 ሰከንድ። ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጎማው ላይ የታተመው የፋብሪካ ስም ሳይቀር ይነበባል። መኪናዋ ግን ቆማለች። አስፋልት መሐል ያቆሟት ነው የምትመስለው፤ ከኋላዋ ያለው ማስታወቂያ፣ አጥሩ፣ ሣሩ፣ ሁሉም እኩል ደርቋል። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር የነበረች መኪና ፎቶ ነው ብላችሁ ብትምሉ ማንም አያምናችሁም።

ፍጥነት ፎቶ ውስጥ እንዲገባ አንድ ነገር መድከም፣ መደብዘዝ አለበት። ፎቶ አንሺዎች ፓኒንግ ይሉታል። የሻተሩ ፍጥነት ወደ 1/250፣ ሲደፍሩም ወደ 1/125፣ ሲብስ ወደ 1/60 ይወርዳል። ከዚያ ሥራው የእጅ ሳይሆን የወገብ ይሆናል። እግር የሚተከለው መኪናዋ ወደምትደርስበት አቅጣጫ ነው እንጂ ወደምትመጣበት አይደለም። ክርን ከጎድን ይጣበቃል። ሌንሱ መኪናዋን ከሩቅ ተቀብሎ፣ በእኩል ፍጥነት እየዞረ ይሸኛታል፤ ጣት መሐል ላይ ይጫናል፤ ከተጫነ በኋላም ሰውነት መዞሩን አያቆምም። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው። ሲሳካ መኪናዋ ጥርት ትላለች፣ ዓለሙ ሁሉ መስመር ይሆናል፤ የጎማው ቸርኬ ይሽከረከራል፣ ከበስተጀርባ ያለው ሕዝብ ቀለም ብቻ ሆኖ ይፈስሳል። በ1/60 ከተነሣው አብዛኛው ወደ ቅርጫት ነው የሚሄደው። የተረፈችው አንዷ ግን ከ1/2000ዎቹ ክምር ትበልጣለች።

ፓኒንጉን የሠራሁት ከግራሃም ሂል ኩርባ በኋላ ባለው ኩፐር ስትሬት በሚባለው መንገድ ላይ ነው። ተዳፋቱ እዚያ ከአጥሩ ከፍ ይላል፤ መኪኖቹም በጎናቸው ያልፋሉ። አጥሩ ራሱን የቻለ ባላጋራ ነው። ከታች ለቆመ ሰው ሽቦው በሌንሱና በመኪናዋ መካከል ይጋረጣል። መላው ሌንሱን ከሽቦው ጋር አጣብቆ ቀዳዳውን በደንብ መክፈት ነው፤ ያን ጊዜ ሽቦው ሟሙቶ ይጠፋል፣ ቢበዛ ትንሽ ጭጋግ ይተዋል። አጥሩን ተሻግረው የሚያነሡት ፈቃድ ያላቸው፣ ባለ ቀለም ሰደርያ ያጠለቁት ባለሙያዎች ናቸው። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን እነሱ የሚላኩት ለሥራ ነው፤ የስፖንሰሩ ስም በደንብ መታየት አለበት፣ አሸናፊው መነሣት አለበት፣ ከሻምፓኙም ቦታ መገኘት አለባቸው። እኔ አንዲት ኩርባ ላይ ቀኑን ሙሉ ብጎለት የሚጠይቀኝ የለም።

መደብዘዝን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ፎቶ ማስታወስ ግድ ይለኛል። ፈረንሳዊው ዣክ ሄንሪ ላርቲግ በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ አንዲት የውድድር መኪና ስታልፍ አነሣ። ካሜራውን ከመኪናዋ ጋር ሲያዞር የዘመኑ ሻተር ፎቶውን ቀስ እያለ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ነበር የሚያጋልጠው፤ በዚህ የተነሣ የኋላው ጎማ ሞላላ ሆኖ ወደ ፊት ተጋደመ፣ መንገድ ዳር የቆሙት ሰዎችና የመብራት ምሰሶዎቹ ደግሞ ወደ ኋላ ተንጋደዱ። መኪናዋም ግማሽ አካሏ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። በማንኛውም የፎቶ ትምህርት ቤት መመዘኛ የተበላሸ ፎቶ ነው። ዛሬ ስለ ፍጥነት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ግን እሱ ነው። የአሁኑ ካሜራ ፈጣን ሻተር ያን ስሕተት በቀላሉ አይሠራውም፤ ይህን እድገት ብለን እንጥራው አንጥራው እኔ አላውቅም።

ጓደኛዬ በበኩሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። የመጀመሪያው ውድድር ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዙር ላይ ሳይነሣ፣ «ያቺ ሰማያዊዋ አትጨርስም» አለ።

«ሳታያት ሰማያዊ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ቅድም ስታልፍ አይቻታለሁ። አሁን ድምፅዋ ተለውጧል። ማርሽ ሲቀንስ ትስላለች፤ ስማ እስቲ።»

ሰማሁ። ለእኔ ሁሉም አንድ ጩኸት ነው። ብዙም ሳትቆይ ሰማያዊዋ መኪና ፍጥነት ቀንሳ፣ በመንገዱ ጠርዝ እየተጎተተች ወደ ማደሪያዋ ገባች። ጓደኛዬ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ጨፈነው። ከዚያ በኋላ ሌንሴን ወደ የትኛዋ መኪና ማዞር እንዳለብኝ ሳልጠይቀው ያነሣሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ፍሬን አዘግይታ የምትይዘውን፣ ጋዙን ቀድማ የምትከፍተውን በጆሮው ለይቶ ይነግረኛል። የፎቶ መጽሐፍ ይህን ምክር አይሰጥም።

ወደ ድሩዊድስ የወሰደኝም እሱ ነው። ድሩዊድስ ሽቅቡ ጫፍ ላይ ያለ፣ መንገዱ በራሱ ላይ የሚታጠፍበት ጠባብ የቀኝ ኩርባ ነው። ፍጥነት የለም፤ ፎቶ አንሺ ሁሉ ስለዚህ ይንቀዋል። ጓደኛዬ ግን «የኋላ ቀኝ እግሯን ተመልከት» አለ። በፊት ጎማ የሚነዱት ሆንዳዎች፣ ፎርዶችና ኮሮላዋ ወደ ኩርባው ሲገቡ የውስጥ የኋላ ጎማቸው ከአስፋልቱ ተነሥቶ አየር ላይ ይቀራል። በሦስት ጎማ ይዞራሉ። ከኋላቸው የምትመጣው ቢኤምደብልዩ በኋላ ጎማ የምትነዳ ናት፤ እሷ አራቱንም መሬት ላይ ለመትከል ትጥራለች፣ ምክንያቱም ኃይሏ የሚወጣው ከኋላ ነው። ያቺ የተንጠለጠለች ጎማ አንድ ልጅ ጠጠር ላይ በጥንቃቄ ሲራመድ አንድ እግሩን የሚያነሣውን ያህል እንኳ ከፍ አትልም፤ ግን በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ብርሃን ይታያል። ያንን የብርሃን ስንጥቅ ለማግኘት በሆዴ ሣር ላይ ተኝቼ አንድ ሙሉ ውድድር አለፈብኝ።

በሦስት ጎማ የመዞር ነገር በዚህ ሜዳ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ በ1964 ይህንኑ የብሪታንያን የቤት መኪኖች ሻምፒዮና በሎተስ ኮርቲና ሲያሸንፍ፣ የመኪናዋ የውስጥ የፊት ጎማ አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚታይባቸው ፎቶዎቹ እስከ ዛሬ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ አሉ። ኮርቲና በኋላ ጎማ የምትነዳ ስለነበረች የምታነሣው የፊቱን ነው፤ የዛሬዎቹ የኋላውን። ስድሳ ዓመት ቢያልፍም ፎቶ አንሺው የሚያደባው ለዚያችው ብርሃን ነው። ክላርክ በዚያው ዓመት እዚሁ ብራንድስ ሃች የተካሄደውን የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። በዘመኑ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ቅዳሜና እሁድ የቤት መኪና ውድድር መግባት አያሳፍረውም ነበር። በ1968 ሆክንሃይም፣ ጀርመን ላይ በውድድር መሐል ሞተ። የብራንድስ ሃች ዙር የመጨረሻ ኩርባ በስሙ ይጠራል።

ሻምፒዮናው ራሱ ሲጀመር የተፈጸመውን ደግሞ ጓደኛዬ እንኳ አያውቀውም ነበር፤ ተኝቶ ያዳመጠኝ በዚህ ብቻ ነው። በ1958 የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ጃክ ሲርስና ቶሚ ሶፕዊዝ የተባሉ ሁለት አሽከርካሪዎች ነጥባቸው እኩል ሆነ። ሳንቲም ወርውረን እንለያቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሁለቱም እምቢ አሉ። በመጨረሻ እዚሁ ብራንድስ ሃች ሁለት ተመሳሳይ ራይሊ መኪኖች ተሰጥቷቸው አምስት አምስት ዙር ሮጡ፤ ከዚያ መኪና ተቀያይረው እንደገና አምስት ዙር። ከመኪናው የሚመጣ ሰበብ እንዳይኖር ነው። የሁለቱ ጊዜ ተደምሮ ሲርስ በ1.6 ሰከንድ በለጠ። «መቀያየሩን ወደድኩት» አለ ጓደኛዬ። «ደንበኛ ሁሉ መኪናዬ ናት ጥፋተኛዋ ይላል። አንድ ቀን ለሌላ ሰው አውሰው እስቲ።»

በምሳ ሰዓት የጥገናው ሰፈር ለሕዝብ ይከፈታል። ልጆች ኮፍያቸውንና ፖስተራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፣ አሽከርካሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይፈርማሉ። በፎርሙላ ዋን ይህን ያህል መቅረብ ሀብት ይጠይቃል፤ እዚህ ወረፋ መያዝ ብቻ ነው። እኔ የፊርማውን ሰልፍ ትቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ ድንኳን ሥር፣ በመጀመሪያው ውድድር ጎኗን የተመታች መኪና ያለ ጎማ ተሰቅላለች። ሁለት ሰዎች በሯን አውልቀዋል። አንደኛው የተጨፈለቀውን ፓራፋንጎ ከውስጥ በጉልበቱ ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ሌላው ከኋላው ጥቅል ፕላስተር በጥርሱ ይዞ ይጠብቃል። ቀለም፣ ማማር የሚባል ነገር የለም። ጎማውን እስካልነካው ድረስ ይበቃል። የስፖንሰሩ ስም ግማሹ በፕላስተሩ ሥር ቀረ። ጓደኛዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገባቸው ቆሞ አየ፤ ከመዶሻው አያያዝ ዓይኑን አልነቀለም። «ባትላሜራ የትም አገር ባትላሜራ ነው» አለኝ በአማርኛ። ባለ መዶሻው ቀና ብሎ፣ የተባለው ስለ እሱ መሆኑ ገብቶት፣ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አንሥቼዋለሁ። ከውድድሩ ፎቶዎች ሁሉ በላይ የምወደው ይሆን ይሆናል።

በቀኑ ሦስት ዋና ውድድሮች መካከል ሌሎች ውድድሮች ይገባሉ። በዕለቱ ፖርሸዎች ነበሩ፣ ሚኒዎች ነበሩ። ከሁሉ የገረሙኝ ጂኔታ ጁኒየር የሚባሉት ናቸው፤ አሽከርካሪዎቹ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። በዚህ አገር መንገድ ላይ መኪና ለመንዳት 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፓዶክ ሂልን ጥርሱን ነክሶ የወረደው የ14 ዓመት ልጅ ማታ ቤቱ የሚገባው እናቱ እየነዳችለት ነው።

ብርቱካናማ ልብስ የለበሱት የሜዳው አስተናባሪዎችም የሚገባቸውን አያገኙም። ማርሻል ይባላሉ። ባንዲራ የሚያውለበልቡት፣ እሳት ማጥፊያ ይዘው የሚቆሙት፣ መኪና ጠጠር ውስጥ ሲገባ ሮጠው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ ደሞዝ አይከፈላቸውም፣ በፈቃደኝነት ነው። በሁለተኛው ውድድር አንዲት መኪና ፓዶክ ሂል ላይ ተሽከርክራ ጠጠሩ ውስጥ ስትቀበር አቧራው ሳይረግፍ ሦስቱ ደርሰው ነበር። አንዷ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። አሽከርካሪው በደህና ሲወጣ ትከሻውን መታ አድርገው ወደ አጥሩ መሩትና፣ መጥረጊያ አንሥተው አስፋልቱ ላይ የተበተነውን ጠጠር መጥረግ ጀመሩ። ውድድሩ በደህንነት መኪና መሪነት ቀስ ብሎ በአጠገባቸው ያልፋል፣ እሳቸው ይጠርጋሉ።

ሦስተኛው ውድድር የተለየ ነበር። የመጀመሪያው የተጀመረው ቅዳሜ በተያዘው ሰዓት ቅደም ተከተል ነበር፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ውጤት። ለሦስተኛው ግን ዕጣ ወጣና ከፊት የጨረሱት የተወሰኑት ተገለበጡ፤ አሸናፊው ወደ ኋላ ሄዶ ተሰለፈ፣ መሐል የጨረሰው ከፊት ቆመ። በዚህ ላይ ያሸነፈ መኪና ላይ ለብዙ ዓመታት ክብደት ይጫን ነበር፤ እስከ 75 ኪሎ የደረሰበት ዓመት አለ። ሀብታሙን የማሰር፣ ደካማውን የማስቀደም አባዜ አለባቸው። ይህን የሚጠሉ ንጹሕ ስፖርት አይደለም ይላሉ። እኔ እደግፈዋለሁ። ጎበዙ ከፊት ጀምሮ ከፊት ሲጨርስ ምን ይታያል? ጎበዝነቱ የሚገለጠው ሰው መሐል ሲገባ ነው። ኮሮላዋ ስትታገል ያየሁትም ያኔ ነው። ከመሐል ተነሥታ፣ ድሩዊድስ ላይ ቢኤምደብልዩዋን በውስጥ ስትገባባት ሁለቱ በር ለበር ተላከኩ፤ ከኮሮላዋ ጎን የተቆረጠ ቁራጭ ፕላስቲክ ሽቅብ በረረ። ቢኤምደብልዩዋ ቁልቁል መልሳ አለፈቻት። በሚቀጥለው ዙር ኮሮላዋ እንደገና። ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሣ፤ አዛውንቱም ተነሡ። ጓደኛዬ ዓይኑን ገልጧል።

ማን እንዳሸነፈ ያወቅሁት ግን ከድምፅ ማጉያው ነው፤ ያንንም ግማሹን ነፋስ ወሰደው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ስለ ውድድሩ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ቅደም ተከተሉን፣ ነጥቡን፣ ማን ማንን እንደገፋ በዝግታ ተደግሞለት አይቷል። ካሜራ ይዞ አንድ ቦታ የቆመ ሰው የሚደርሰው ከየዙሩ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የቀረው ዙር ወሬ ነው። ይህን እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ በዚያች ጥቂት ሰከንድ ኮሮላ እግሯን ስታነሣ አይቻለሁ፤ የዓመቱን ነጥብ ሰንጠረዥ ከጋዜጣ አነበዋለሁ።

ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ዘርግቼ ስመርጥ ጓደኛዬ ሻይ ይዞ ከኋላዬ ቆመ። ጥርት ባሉት ላይ ምንም አላለም። አንዷን፣ በ1/60 የተነሣችውን፣ ኮሮላዋና ቢኤምደብልዩዋ ጎን ለጎን ሆነው አንደኛዋ ብቻ የጠራችበትን ሳልፋት «ቆይ፣ መልሳት» አለ። የጠራችው ቢኤምደብልዩዋ ናት፤ ኮሮላዋ ቀይ መስመር ሆና በፎቶው ጠርዝ ልትወጣ ነው። በትልቁ አሳትሜ እንድሰጠው ጠየቀኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ደንበኞች የሚጠብቁበት ወንበር ፊት ለፊት ይሰቅለዋል። የዓመቱ መዝጊያ ብዙ ጊዜ በጥቅምት እዚያው ብራንድስ ሃች፣ በረጅሙ ዙር ላይ ነው። ጫካው ውስጥ ብርሃኑ ስስ ይሆናል፤ 1/60ን ወደድኩም ጠላሁም መኖሪያዬ ይሆናል። ጓደኛዬ ግን ዛፍ ድምፅ ያፍናል ብሎ አልሄድም ብሏል። እያግባባሁት ነው።